አስቀድሞ ጆሮ፦ የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሙዚቃ ክበባችን በወላጆች ቀንና በበዓል ዝግጅቶች መድረክ ላይ ይታወቃል። ዘንድሮ ግን ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። ከአባላቱ ብዙዎቹ መምህር የመሆን ሐሳብ ያላቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹም መምህራን ኮሌጅ ገብተው የክወናና እይታ ጥበባትን ማስተማር ይፈልጋሉ። ስለዚህ መስከረም ላይ ተመካክረን አንድ ጥያቄ ይዘን ተነሣን። ሪትም፣ ቴምፖ (ፍጥነት)፣ ስኬል (በከፍታቸው በተርታ የተደረደሩ ድምፆች)፣ ኢንተርቫል (በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት) የሚባሉትን ለሕፃን ልጅ የምናስተምረው እንዴት ነው? ከየትኛውስ እንጀምራለን?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባላቱ የቃላቱን ፍቺ አሳምረው በቃላቸው ይሉት ነበር። “ሪትም የድምፆች የጊዜ ርዝማኔ አደረጃጀት ነው” ብሎ ያለ ስሕተት የሚመልስ ተማሪ፣ “እስቲ በጭብጨባ አሳየን” ሲባል ምቱን ያጨበጭብና ይቀመጣል። ምትና ሪትም እዚያው ላይ ይቀላቀሉበታል። ምት እንደ ልብ ትርታ ሳይቋረጥ እኩል የሚሄደው ነው፤ ሪትም ደግሞ በዚያ ምት ላይ የሚረዝሙትና የሚያጥሩት ድምፆች ናቸው። ይህን ልዩነት በቃል ከማስረዳት ይልቅ ክፍሉን ለሁለት ከፈልነው። ሁላችንም የምናውቀውን የእንቁጣጣሽ የልጃገረዶች ዘፈን ይዘን ግማሾቹ በእግራቸው ምቱን ረገጡ፤ ግማሾቹ የግጥሙን እያንዳንዱን ቀለም አጨበጨቡ። ከዚያ ተቀያየሩ። ሁለቱን አንድ ላይ በአንድ ሰው አካል ለማድረግ የሞከሩት ልጆች መጀመሪያ ላይ እግራቸው እጃቸውን እየተከተለ አስቸገራቸው። በሦስተኛው ዓርብ ግን እግርና እጅ ተለያዩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍቺው የጠየቀኝ የለም።

የዓመቱ ሥራችን ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ልጁ በጆሮው ይስማው፣ በአካሉ ያድርገው፣ ከዚያ ስሙን ይወቅ፣ ምልክቱን በመጨረሻ ይጻፍ። በሙዚቃ ትምህርት ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ሰዎች በየመንገዳቸው ወደዚህ ደርሰዋል። ስዊዘርላንዳዊው ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ (1865–1950 እ.ኤ.አ.) ተማሪዎቹ ሪትምን በእንቅስቃሴ እንዲማሩ አደረገ። የሀንጋሪው ዞልታን ኮዳይ (1882–1967 እ.ኤ.አ.) ከሙዚቃ ደራሲው ከቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ የሕዝብ ዜማ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው፤ ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት ከአገሩ ዜማ ተነሥቶ፣ በገዛ ድምፁ እየዘመረ ነው ይል ነበር። በእሱ ስም በሚጠራው ዘዴ ሩብ ኖታ “ታ”፣ ሁለት ስምንተኛ ኖታዎች ደግሞ “ቲ ቲ” ተብለው ይነበባሉ። አባላቶቻችን ይህን ወዲያው ወደዱት፤ ኖታ ማንበብ ያስፈራቸው የነበሩትም ጭምር።

ለጎንደር ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። የዜማ ተማሪ የኔታ የመሩትን እየተቀበለ፣ እየደጋገመ ነው የሚያጠናው። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ሂደቱ፣ ቅናቱ፣ ቁርጡ፣ በጆሮው የያዘውን ዜማ ያስታውሱታል እንጂ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ብቻቸውን አያስተምሩትም። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስመር ላይ ኖታ መጻፍን ያስፋፋው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር፦ ዘማሪው ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ አይቶ እንዲያዜም። ሁለቱ አጻጻፎች ለሁለት የተለያዩ ተግባሮች የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ያንሳል የሚል መምህር ከክበባችን እንዲወጣ አልፈልግም።

በጥምቀት ሰሞን አባላቱ ከበዓሉ አንድ ነገር ሰምተው እንዲመጡ የቤት ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር፦ ፍጥነቱ የት ላይ ተለወጠ? ጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚከወነው ዜማ) ማስመስከሪያ በመሆኗ ጥሩ የሚሰማ ነገር አላጣንም። ዝማሜው ረጋ ብሎ ተጀምሮ ወደሚቀጥሉት ክፍሎች፣ ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት ሲሻገር መቋሚያውና ጸናጽሉ እንዴት እንደሚለወጡ አንዱ ተማሪ በእስክሪብቶ ጠረጴዛ እየመታ አሳየን። ቴምፖ የሚለውን ቃል የሰጠናቸው ከዚህ በኋላ ነው። አንዲት የክበቡ አባል ደግሞ ከቤቷ የመንዙማ አመራርና አቀባበል ይዛ መጥታ መሪና ተቀባይ እንዴት እንደሚተካኩ አሠራችን። እኔ ራሴ ከሷ ብዙ ተማርኩ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን የክራሩ ቀን ነበር። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ስማቸውን ሁሉም ያውቃል። በምን እንደሚለያዩ ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ክራሩን በሙሉ ትዝታ ቃኘው፦ ዶ ሬ ሚ ሶ ላ። ከዚያ ሚንና ላን በግማሽ ቶን ዝቅ አደረጋቸው። ክፍሉ ወዲያው “ይሄማ ሌላ ስሜት ነው” አለ፤ ግማሽ ትዝታ ሆነ። ቀጥሎ የአንድም ጅማት ቅኝት ሳይለውጥ ዜማውን ከሶ አስነሥቶ ሶ ላይ አሳረፈው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ “ቲቸር፣ አምባሰል!” ብላ ጮኸች። ትክክል ነበረች። የግማሽ ትዝታና የአምባሰል አምስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። መነሻ ድምፅ፣ ኢንተርቫልና ቅኝት የሚሉትን ሦስቱንም ቃላት በዚያች ቅጽበት ብናስተምር አንድም የሚከብደው ልጅ አልነበረም። አስተማርንም።

ዶ ቋሚ ነው ወይስ ተንቀሳቃሽ በሚለው ላይ ረዘም ያለ ክርክር ተደርጓል። ኪቦርድ የተማሩት “ዶ ማለት ሲ (C) ነው፣ አለቀ” አሉ። በፈረንሳይና በጣሊያን በእርግጥም እንዲሁ ነው። በኮዳይ ዘዴ ግን እንደ ሙሉ ትዝታ ያለው ስኬል ከየትም ይነሣ፣ መነሻው ዶ ይባላል። ለእኛ ሕፃናት ይኼኛው ይሻላል ብዬ በግልጽ ወስኛለሁ። ማሲንቆ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ሆኖ ነው፤ ዘፋኙ ሲቀየር ቅኝቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ልጁ መስማት ያለበት ያንን ርቀት ነው። ሙሉ ትዝታ ደግሞ የኮዳይ ዘዴ ሕፃናትን ከሚያስጀምርባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ነው። የእኛ ልጆች ከቤታቸው ሳይወጡ መጀመር ይችላሉ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባላቱ አጠገባችን ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተፈቅዶላቸው አስተማሩ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳው ላይ አራት ሩብ ኖታ ጽፋ ዘፈን አስጀመረች። የመረጠችው ዘፈን ግን በችክችካ የሚሄድ ነበር፤ በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር። የልጆቹ ጭብጨባ ከሰሌዳው ጋር አልገጥም አለ። ትንሽ ቆመች፤ ሰሌዳውን አጠፋችና “በሉ ተነሡ፣ እስክስታ!” አለች። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እግራቸውን እንዲያዩ አደረገቻቸው። እግር ሁለት ጊዜ ይረግጣል፤ በእያንዳንዱ እርግጫ ውስጥ ሦስት ሦስት አለ። አንድ ትንሽ ልጅ “እትዬ፣ ስድስት ነው!” አላት። ስድስቱን ኖታዎች ሦስት ሦስት አድርጋ አያይዛ የጻፈችው ከዚያ በኋላ ነው። በዓመቱ ካየኋቸው ትምህርቶች የተሻለው እሱ ነበር፤ ለራሷም ነግሬያታለሁ።

አባላቱ የሠሩት የቃላት ደብተርም በዚህ ሥርዓት ተዘጋጅቷል። እያንዳንዱ ቃል የሚጀምረው ልጁ ከሚያደርገው ነገር ነው። ኢንተርቫል የሚለው እንዲህ ይላል፦ “ሁለት ድምፅ አዚምላቸው። የትኛው ወጣ፣ የትኛው ወረደ ብለህ ጠይቅ። በእጃቸው ያሳዩህ። ርቀቱ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ በል። ስሙን አሁን ንገራቸው።” የድምፅ ከፍታ፣ የድምፅ ቀለም፣ ስኬል፣ ሃርሞኒ፣ ሁሉም እንዲሁ ተጽፈዋል። ስለ ሃርሞኒ የተጻፈው ገና ስስ ነው፤ አብሮ የሚያዜም ቡድን ሲጠናከር ይስተካከላል።

መሣሪያ አሁንም ያንሰናል። አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮና ጥቂት ዋሽንቶች ብቻ አሉን፤ የክራሩ ጅማትም መቀየር አለበት። ማሲንቆ ያለው ወላጅ ለአንድ ከሰዓት ቢያውሰን ደስ ይለናል። የቃላት ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚቀመጥ ማንም ሊያነበው ይችላል። የተመረቁት የ12ኛ ክፍል አባላት አንድ አንድ ቅጂ ይዘው ሄደዋል። የመጪው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ይከፈታል፤ ለመመዝገብ መሣሪያ መጫወት ግዴታ አይደለም። ስብሰባው እንደ ዘንድሮው ዓርብ ከሰዓት ነው።