የጉዞና የቅርስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ከሊትል ቶኪዮ እስከ ዋት ታይ

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር፤ ከአገሩ የወጣ ሕዝብ እምነቱንና ቋንቋውን ለልጆቹ የሚያቆየው እንዴት ነው? ጥያቄው የራሳችን ነው። መልሱን ግን በመጀመሪያ ከእኛ ቀድመው ሎስ አንጀለስ ከሰፈሩት ለመስማት ተስማማን። ለዚህ ደግሞ ይህች ከተማ የታደለች ናት። የጃፓን፣ የቻይና፣ የኮሪያ፣ የቬትናም፣ የታይላንድና የስሪላንካ ቡድሂስቶች ሁሉ ቤተ መቅደሳቸውን እዚሁ ሠርተዋል። በእስያ ይህን ሁሉ ለማየት ብዙ ድንበር መሻገር ግድ ይላል፤ እዚህ ግን ማለዳ የወጣ አውቶቡስ አመሻሹ ላይ ይመለሳል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት በዝግጅት አለፉ። ከቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት በኋላ አባላቱ እየተሰበሰቡ ቡድሃ ከተወለደባት ከዛሬዋ ኔፓል ተነሥተው እምነቱ በስሪላንካ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በመካከለኛው እስያ በኩል ደግሞ ወደ ቻይና፣ ወደ ኮሪያና ወደ ጃፓን የተጓዘባቸውን መንገዶች በካርታ ላይ ሣሉ። ካርታው አሁንም በክፍላችን ግድግዳ ላይ ይገኛል።

ከወላጆች በኩል ስጋት ነበር፤ ተገቢ ስጋትም ነው። አንዲት እናት በስብሰባው ላይ ልጄን ጣዖት ቤት ልትወስዱብኝ ነው ወይ ብለው በግልጽ ጠየቁ። መልሳችን አጭር ነበር፦ የምንሄደው ለማየትና ለመጠየቅ ነው፤ ማንም ልጅ አይሰግድም፣ ዕጣን አያጨስም፤ የሌላውን ቤት ግን በክብር ይገባል። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤተሰብ ይህን አንብቦ ፈረመ።

ስብሰባውን ያረጋጋው ግን የእኔ ማብራሪያ ሳይሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያቀረቡት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1553 የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም «በረላምና ይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። መጽሐፉ ስለ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይተርካል። ልጁ ዓለምን ይንቃል ተብሎ ስለ ተነገረ፣ አባቱ ሕመምንና እርጅናን፣ ሞትንም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። አንድ ቀን ግን ከአጥሩ ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያጋጥመዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ያጣል። በረላም ከተባለ መናኝ ተምሮ ክርስቲያን ይሆናል፤ በመጨረሻም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት የዚህ ታሪክ ሥር የሲዳርታ ጎተማ፣ ማለትም የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሸጋገረና የክርስትና መልክ እየያዘ፣ ደብረ ሊባኖስ ድረስ ዘልቋል። ልጆቹ ይህን ለወላጆቻቸው ሲያስረዱ የክፍሉ አየር ተለወጠ። ቀድሞ የጠየቁት እናት ከጉዞው አስተባባሪዎች አንዷ ሆኑ፤ የሕፃናቱን ስም ዝርዝር ቀኑን ሙሉ የያዙልንም እርሳቸው ናቸው።

ጉዞው የተደረገው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ቀኑን ስንመርጥ ሙስሊም ልጆቻችን ከሌሎቹ ጋር ምሳ እንዲበሉ ረመዳን እስኪያልፍ ጠበቅን፤ ዐቢይ ጾም ግን ገና አልተፈታም ነበር።

በማለዳ የደረስነው ሊትል ቶኪዮ ነው። ሰፈሩ አመጣጡን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ ጃፓናዊ መርከበኛ ከከፈተው ምግብ ቤት ነው። አስጎብኚያችን በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ጃፓናዊ አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። በቀጥታ የወሰዱን ወደ ሐውልት ወይም ወደ ሱቅ ሳይሆን ፈርስት ጎዳና ከሴንትራል ጎዳና ጋር ወደሚገናኝበት ማዕዘን ነው። እዚያ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1925 የተሠራው የኒሺ ሆንጋንጂ ቤተ መቅደስ ሕንፃ ነው። ከውጭ ሲያዩት የከተማ ፎቅ ይመስላል፤ በአንድ በኩል ግን የኪዮቶን የቤተ መቅደስ በር የሚያስታውስ ጠመዝማዛ ክዳን ተሠርቶለታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ቁጥር 9066 መሠረት ወደ 120,000 የሚጠጉ ጃፓናውያንና ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ካምፕ ተጋዙ። አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። መያዝ የተፈቀደላቸው በእጃቸው መሸከም የሚችሉትን ብቻ ነው። ከሊትል ቶኪዮ የተነሡት በዚህ ቤተ መቅደስ ደጅ ተሰልፈው አውቶቡስ ላይ ወጡ። ያልቻሉትን ዕቃ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ተቀብሎ አስቀመጠላቸው። ጁሊየስ ጎልድዋተር የተባሉ፣ የጃፓን ተወላጅ ያልሆኑ የቡድሂስት ካህን ከተማው ውስጥ ቀርተው ንብረቱን ጠበቁ። ልጆቹ የጠየቁት ጥያቄ ሁሉ ስለ ዕቃው ነበር፦ ምን ምን ነበር የተቀመጠው? ስማቸውን ጽፈውበታል? ሲመለሱ አገኙት? አስጎብኚው አንድም ጥያቄ ሳያልፉ፣ ልጆቹ ፊት ጎንበስ እያሉ መለሱ።

ሕንፃው ዛሬ ከጃፓናዊ አሜሪካውያን ብሔራዊ ሙዚየም አንዱ ክፍል ነው፤ ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 እዚሁ ውስጥ ነው። ከፊቱ ከነሐስ የተሠራ ትልቅ የፎቶ ካሜራ ቆሟል። የቶዮ ሚያታኬ መታሰቢያ ነው። ሚያታኬ የሰፈሩ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ወደ ማንዛናር ካምፕ ሲጋዝ ካሜራ መያዝ ክልክል ስለ ነበር ሌንሱን ደብቆ ገባ፤ ካምፕ ውስጥ አንድ አናጢ የምሳ ዕቃ የሚመስል የእንጨት ሣጥን ሠራለት፤ በዚያም የግዞተኞቹን ኑሮ አነሣ። ከተማሪዎቻችን አንዷ ከጉዞው በኋላ የጻፈችው ድርሰት ሙሉ በሙሉ ስለዚያ ሣጥን ነው፤ በዚሁ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ድርሰቱን እንድታነቡት አደራ እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓናውያኑ ከተወሰዱ በኋላ ባዶ የቀረውን ሰፈር ከደቡብ ግዛቶች ለጦርነቱ ሥራ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሞሉት፤ ለጥቂት ዓመታትም ብሮንዝቪል ተብሎ ተጠራ። ይህ የከተማችን ታሪክ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም፤ ልጆቻችን ግን ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ከዚያው ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ፉጌትሱዶ የተባለ ጣፋጭ ቤት አለ። ከሩዝ ዱቄትና ከተፈጨ ቀይ አደንጓሬ የሚሠራው ሞቺ ወተትም እንቁላልም ስለሌለበት ጿሚዎቹም ቀመሱ።

ቀጥሎ በ60 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ወጥተን ሃሲየንዳ ሃይትስ ኮረብታ ላይ ወዳለው ሺ ላይ ቤተ መቅደስ ደረስን። የታይዋኑ ፎ ጓንግ ሻን ማኅበር ያሠራው ሲሆን የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ቢጫ ክዳኖቹ ከሩቅ ይታያሉ። በዋናው አዳራሽ ሦስት ታላላቅ የቡድሃ ምስሎች አሉ፤ ግድግዳዎቹን ደግሞ በየመስኮቱ የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎች ሸፍነዋቸዋል። ለፎቶግራፍ እጅግ ያማረ ነው። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን አስጎብኚያችን የነበሩት መነኩሲት የተረኩልን የግንባታው ታሪክ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ስለ እምነቱም ስለ ትራፊኩም ፈርተው ስለ ተቃወሙ፣ የግንባታ ፈቃዱ የተገኘው ከ6 ይፋዊ የሕዝብ ጉባኤዎችና ከ100 በላይ የማብራሪያ ስብሰባዎች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። መነኮሳቱ በሕግ ብቻ አልተከራከሩም፤ ጎረቤቶቻቸውን እየጋበዙ አብልተዋል። በየአዳራሹ በኪራይ እየተዘዋወሩ ለሚያስቀድሱና ለሚሰግዱ ወገኖቻችን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የልጆቹ ወላጆች ብዙ ማስታወሻ የያዙት እዚህ ላይ ነው።

ምሳችንን የበላነው በቤተ መቅደሱ የመመገቢያ አዳራሽ ነው። ምግቡ ከሥጋ የጸዳ ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ሳይጠራጠር ከአንድ ገበታ በላ፤ ለአንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። አብረውን የተጓዙት የአንዱ ተማሪ አያት፣ በጓደኞቹ ሁሉ እማማ የሚባሉት፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ቀመስ አድርገው ቆም አሉ። አንድ ነገር እንደ ጎደለ ምላሳቸው ነግሯቸዋል። መነኩሲቷን ጠርተን ስንጠይቅ፣ በእነርሱ ሥርዓት ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ የሽንኩርት ወገን የሆነ ሁሉ ስሜትን ይቀሰቅሳል ተብሎ ከገበታ ይወገዳል። እማማ ይህን ሲሰሙ ያለ ሽንኩርት ወጥ እንዴት ይቁላላል ብለው ወደ ማብሰያው ቤት ለመግባት ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ዝንጅብል፣ እንጉዳይና የአኩሪ አተር መረቅ ምን ያህል እንደሚሠሩ አይተው ወጡ። በትንሣኤ ማግስት ለክበቡ ያመጡልን የቶፉ ጥብስ ግን ሽንኩርት በዝቶበት ነበር፤ እጅግም ጣፋጭ ነበር።

የመጨረሻው ማረፊያችን ኖርዝ ሆሊውድ የሚገኘው ዋት ታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ የታይላንዳውያን ቤተ መቅደስ ሲሆን በሩን ሁለት ግዙፍ የዘበኛ ምስሎች ይጠብቁታል። ወደ አዳራሹ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ይህን ለልጆቻችን መንገር አላስፈለገም። ቅዳሜና እሑድ ግቢው ውስጥ የምግብ ገበያ ይቆማል፤ ከፓፓያ ሰላጣ ጀምሮ እስከ ሩዝ በማንጎ ምእመናኑ እያበሰሉ ይሸጣሉ። መነኮሳቱ ግን ከሰዓት በኋላ አንዳችም አልቀመሱም። የሚበሉት ከቀትር በፊት ብቻ ነው። የእኛ ጿሚ እስከ ቀትር ወይም ከዚያም በላይ ይታገሣል፣ የእነርሱ መነኩሴ ከቀትር ወዲያ ይታገሣል፤ ይህን ልዩነት ያስተዋለው ከትንንሾቹ አባላት አንዱ ነው።

ዋት ታይ ለእኔ የቀኑ ልብ ነበር፤ ምክንያቱም ከቤተ መቅደሱ ጎን የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤት አለው። እዚህ ተወልደው እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ቋንቋ ጋር የሚታገሉበት፣ የእኛን የመሰለ ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የታይ ፊደል ገበታ ተሰቅሏል፤ 44 ተነባቢዎች አሉት። አናባቢው በምልክት ይገለጻል፤ ምልክቱም እንደየድምፁ ከፊደሉ በላይ፣ በታች፣ በፊት ወይም በኋላ ይጻፋል። የእኛዎቹ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጋር እያነጻጸሩ ከታይ ልጆች ጋር ስም መጻጻፍ ጀመሩ። ከገበታው አጠገብ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ 2568 ይላል። በታይላንድ ዓመቱ የሚቆጠረው ከቡድሃ ሞት ጀምሮ ስለሆነ ከአውሮፓውያኑ 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ 2017 ላይ ነን፣ ከተማው 2025 ላይ ነው፣ እነርሱ 2568 ላይ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን እየተባሉ ሁልጊዜ የሚጠየቁት ልጆቻችን የሚጠይቁት ጎረቤት አገኙ።

የትምህርት ቤቱን አስተማሪ እንደ ሥራ ባልደረባ ጠየቅኋቸው፦ ልጆቹ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው እንዴት ታቆዩአቸዋላችሁ? ጭፈራና ሙዚቃ፣ እንዲሁም በኤፕሪል አጋማሽ በሚከበረው የታይ አዲስ ዓመት፣ በሶንግክራን በዓል ላይ ኃላፊነት መስጠት መሆኑን ነገሩኝ። ትልልቆቹ ተማሪዎች የሚቀመጡት ለመማር ብቻ ሳይሆን ትንንሾቹን ለማስተማርም ነው። ይህን ከፋሲካ በኋላ በእኛም ሞክረነዋል። ሦስተኛ ደረጃ የደረሱ አባላት አሁን ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ቀድሞ ቅዳሜ ጠዋት መነሣት የሚከብዳቸው ከመምህራኑ ቀድመው ይገኛሉ።

በሰኔ ያዘጋጀነው ኤግዚቢሽን የጉዞውን ፎቶግራፎች፣ ካርታውንና የተማሪዎቹን ድርሰቶች የያዘ ነበር። አንዱን ጠረጴዛ ለፌርፋክስ ጎዳና ሰጠነው። ከተማው ሰፈራችንን ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፤ ታሪካቸው ግን በቃል ብቻ ነው ያለው። ከኤግዚቢሽኑ ጎብኚዎች ብዙዎቹ ረጅም ጊዜ የቆሙት እዚያ ጠረጴዛ ዘንድ ነው፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ሰው እያወቁ ስም ይነግሩን ነበር፤ ልጆቹም ይጽፉ ነበር።

የ2018 ሥራችን ከዚያ ይቀጥላል። ተማሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱትን፣ የመጀመሪያውን የጸሎትና የሶላት አዳራሽ የተከራዩትን፣ ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙትን እየጠየቁ በድምፅ ይቀርጻሉ። የጥያቄዎቹን ዝርዝር አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ቀደም ያሉ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎች ወይም የኪራይ ውሎች በቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ለክበቡ አሳዩን፤ ቅጂ አንሥተን ዋናውን በዚያው ዕለት እንመልሳለን። የአዳዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከትምህርት በኋላ በክበቡ ክፍል ይካሄዳል።