ነፋሱስ አለን፣ መንገዱ ነው እንጂ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ጅቡቲው የጉቤት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ሰባ ደረጃ አጠገብ ካለች ጠባብ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ጋዜጣ ጮክ ብዬ የማንበብ አመል አለኝ። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሰሙኝና አንደኛው፣ «ፋዘር፣ እሱ እኮ ባሕር ላላቸው ነው። እኛ ለነፋስ አልታደልንም» አለኝ። መልስ ጀምሬለት ነበር፤ ግን ማኪያቶውን ጨርሶ ተነሳ። የቀረውን ለእናንተ ልጻፈው።

እኔ 28 ዓመት በጅቡቲ መስመር የነዳሁ ጡረተኛ ሹፌር ነኝ። መጨረሻ ላይ ሎቤድ፣ ማለትም ረጅምና ከባድ ዕቃ የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ነበር የምይዘው። ለአዳማው ማመንጫ (እኛ ሹፌሮች እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምንለው) የተርባይን ክንፍ ካመላለሱት አንዱ ነኝ።

ነፋስ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው የካቲት ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ ባርኔጣዬን ነጥቆ ሚኒባስ ሥር ጨመረብኝ። ይሄ መሀል ከተማ፣ ሕንፃ ከልሎት ነው። ከናዝሬት በላይ ያለው ጋራ ላይማ ከመኪና ሲወረድ በሩን ከእጅ ይቀማል።

ባሕር ጠረፍ ያሉት የሚበልጡን በሌላ ነው። አንዱ አየሩ ነው። ጭነት ስናራግፍ አንድ መሐንዲስ ነገረኝ፦ ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ በእኩል ፍጥነት ቢነፍስም ናዝሬት ላይ ያለው ነፋስ ከባሕር ጠረፉ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ጉልበቱ ያንሳል። ወዲያው ገባኝ። ቱርቦ ያልነበረው የድሮ መኪናዬ ጅቡቲ ላይ እንደ በሬ ይጎትትና እንጦጦን ሽቅብ ሲል ያለከልክ ነበር።

ዋናው ግን ወደቡ ነው። በ2015 ማብቂያ የተመረቀው ጉቤት 17 ተርባይን አለው፤ 60 ሜጋ ዋት። ዕቃው ከመርከብ ወርዶ ትንሽ ቢነዳ ቦታው ላይ ነው። የናዝሬቱ በሁለቱ ምዕራፍ 136 ተርባይን ሆኖ 204 ሜጋ ዋት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ የእነሱ አንዱ የእኛን ሁለት ይበልጣል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ሦስት ክንፍ፣ በጠቅላላው 408 ክንፍ። እያንዳንዱ ከ35 ሜትር በላይ ነው፤ ከጅቡቲ ናዝሬት ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው።

ክንፍ መጫን ብረት እንደ መጫን አይደለም። ክብደቱ አይደለም የሚያስቸግረው። ጭራው ነው። ፊት ስትጠመዝዝ ኋላው ማዶ ያለውን ዛፍ ይጠርጋል። ረዳቴ ፉጨት ይዞ ከኋላ በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው። አዋሽ ድልድይ ቁልቁለቱ ላይ የመንገድ ምልክት ነቅለን፣ አሳልፈን፣ መልሰን ተክለናል። ገዋኔ አካባቢ ደግሞ ነፋሱ ከጎን ተነሳ። የነፋስ ዕቃ ስለሆነ ነው መሰል፣ ነፋስ ይወደዋል። ተሳቢው ከአስፋልቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ዳር ይዘን ግማሽ ቀን ቆምን። ነፋስ የለንም ላለኝ ልጅ ይህንን ነበር ልነግረው ያሰብኩት።

ጽሑፋችሁ ሜጋ ዋቱንም ዶላሩንም ጽፏል፤ መንገዱን አላነሳም። ኬንያዎች ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይን ለመትከል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ማሻሻል ነበረባቸው። እኛም ወደ ትልልቁ ገብተናል። ለአሰላ የተመረጡት 29 ተርባይኖች 100 ሜጋ ዋት ነው የሚሰጡት፤ ክንፋቸው ከ60 ሜትር ይበልጣል። ያንን ተራራ ላይ ላደረሱ ሹፌሮች ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ባርኔጣ ቢኖረኝ። ቀጣዩ ማመንጫ ሲታቀድ መንገዱን የሚያጠኑ ሰዎች ኩርባው ላይ ከነዱት አንድ ሁለት ሹፌር ቢጠይቁ ምናለበት? የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ድልድይ፣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚያስቸግር በቃላችን እናውቀዋለን። እናንተም አንድ ጋዜጠኛ ላኩልን። ቡናውን እኛ እንጋብዛለን።

ድካሙ አያስቆጨኝም። በበጋ የግድቦቹ ውኃ ሲቀንስ ነው የእኛ ነፋስ የሚበረታው። ውኃው እስኪመለስ ክንፎቹ ያግዛሉ።

ያ ወጣት በማግሥቱ እዚያው አገኘሁት። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። «ሳላይ አላምንም» አለኝ። ቅዳሜ ናዝሬት ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ትራንስፖርቱን እሱ ይችላል፣ ምሳው በእኔ ነው። ባርኔጣ እንዳያደርግ አስጠንቅቄዋለሁ።

ጡረተኛው የሎቤድ ሹፌር፣
ከሰባ ደረጃ፣ አዲስ አበባ