ግልጽ ደብዳቤ፦ ጁን 21 ማለት ሰኔ 14 ነው

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር
ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አይቀየሙኝ። ረጅም ሰላምታ የጻፍኩባቸው ሁለት ደብዳቤዎች ቢሮዎ ውስጥ አሉ። አንዱን ሰኔ 23 ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጠሁ። ሌላውን ነሐሴ ላይ በኢሜይል ላክሁ። አራት ጊዜም ደውያለሁ። ሦስቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በአራተኛው ስልኩን ያነሳው ሰው ጉዳዬን ሰምቶ ሳቀ። እንግዲህ አብረን እንሳቅ ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኔ ግቢ ውስጥ የሥራ አውደ ርዕይ እንደሚካሄድ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ። ቀጣሪ ድርጅቶች ይመጣሉ፣ የ2016 እና የ2017 ተመራቂዎች ሲቪያችሁን ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። አንድ የድሮ የዶርሜ ልጅ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ቅዳሜ ሰኔ 21 ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ።» ከሥሩ ክብ ማኅተም አለ። ማኅተሙን ሳይ ምንም አልተጠራጠርኩም። ማኅተም ያለበት ወረቀት አይዋሽም እየተባልን ነው ያደግነው።

በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት አልፎኛል። የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። የቀረኝ ሥራው ብቻ ነው። ከታላቅ ወንድሜ 4,000 ብር ተበደርኩ። ሲቪና ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) በሃያ ኮፒ አባዛሁ። ከሐረር ተነስቼ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ፣ በማግስቱ እናንተ ከተማ ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዜን አስተኩሼ 2 ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ።

በሩ ተቆልፏል። በመስታወቱ አጮልቄ ሳይ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ጥበቃውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የሥራ አውደ ርዕዩ የት ነው?»

«የቱ? ያለፈው ቅዳሜው?»

«የዛሬው።»

«አይ ልጄ፣ እሱማ አለቀ። ሕዝቡ ግጥም ብሎ ነበር። አሁን ቅድም ሁለት ልጆች እንዳንተው መጥተው ተመለሱ።»

ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ሄድኩ። ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አየሁ። ከአማርኛው ጎን የእንግሊዝኛው ወረቀት ተለጥፏል። እሱ የሚለው ጁን 21 ነው። አማርኛውን ያዘጋጀው ባለሙያዎ ጁንን ሰኔ አለው፣ 21ን እንዳለ ተወው። አለቀ። ጁን የሚገባው ግንቦት 24 ነው። ሰኔ 1 ማለት ጁን 8 ነው። ይህን ዲቪ የሞላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣች የሰፈራችን ልጅ ታውቀዋለች። የዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ቢሮ አያውቀውም። ክፋቱ ደግሞ ሰኔ 14ም ቅዳሜ፣ ሰኔ 21ም ቅዳሜ ሆነው አረፉት። የሳምንቱ ቀን ባይገጥም ኖሮ ቢያንስ ደውዬ አጣራ ነበር።

እስከ ሰኞ ጓደኛዬ ጋ ተጠግቼ ቆየሁና ቢሮዎ መጣሁ። ያገኘሁት ባለሙያ «ቴሌግራም ላይ አስተካክለነዋል እኮ፤ አትከታተልም?» አለኝ። እከታተላለሁ። እዚያው ቆሜ ወደ ኋላ እየገፋሁ ፈለግኩት። ማስተካከያው የወጣው ሰኔ 13 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከዝግጅቱ በፊት ባለው ሌሊት ማለት ነው። ከሁለት የጉብኝት ዜና መሃል ተሸጉጣ ያለች አንድ መስመር ናት። በሰዓቷ ባያት ኖሮስ? የሁለት ቀን መንገድ በስንት ክንፍ ልደርስ ነበር? የተሳሳተው ወረቀት ግን ሰኞም እዚያው ሰሌዳ ላይ ነበር። እስክሪብቶ አንስቶ የሰረዘው የለም። እኔ ሰረዝኩት። የመንግሥት ንብረት ላይ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስህተት የሰው ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን ሰኔ 22፣ ማለትም እኔ አዳራሹ በር ላይ በቆምኩ ማግስት፣ ዜና አወጣችሁ። «የሥራ አውደ ርዕዩ በተሳካ ሁኔታ ተካሄደ።» ከስምንት ቀን በኋላ! 14 ፎቶ አለው። ቆጠርኳቸው። 11ዱ የመድረኩ ነው። እገሌ ገለጹ፣ እገሌ አሳሰቡ፣ እገሌ አመሰገኑ። ስንት ተመራቂ ሲቪ እንዳስገባ አንድ ቃል የለም። የማን ዝግጅት እንደነበር ለማያውቅ ሰው የተናጋሪዎቹ ምረቃ ይመስላል።

አራት ዓመት የተማርኩበት ግቢ ስለሆነ ልማዱን አውቀዋለሁ። የቢሮዎ ዜና ሁሉ «ተካሄደ»፣ «ተጎበኘ»፣ «የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ» ብሎ ነው የሚያልቀው። እንግዳ ምሁር መጥቶ ትምህርት መስጠቱን የምንሰማው ሰውየው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። «ይካሄዳል» የሚለውን ቃል ግቢ ውስጥ በደንብ የሚያውቁት የተማሪ ክበባት ናቸው። የግጥም ምሽት ሲኖራቸው በእጃቸው ጽፈው ካፌ በር ላይ ይለጥፋሉ። ቀኑን ተሳስተው አያውቁም። ውኃ የሚጠፋበትን ቀን የምንሰማው ዶርም ከምትቆጣጠረው ፕሮክተር ነው። የክሊራንስ፣ ማለትም ግቢ ስንለቅ ዕዳ እንደሌለብን የምናስፈርምበት፣ የመጨረሻ ቀን የምንሰማው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። ያ ልጅ ደሞዝ ቢቆረጥለት ሲያንስበት ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቼ። በሁለቱም የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። የመጓጓዣ ካሳ አላልኩም። ሰው ይቀጣልኝም አላልኩም። በዝግጅቱ ላይ የተገኙትን ድርጅቶች ዝርዝር ስጡኝና ሲቪዬን ራሴ ልላክ ነው ያልኩት። አንድ ገጽ ወረቀት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ እንጀራዎ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መረጃ ሲጠየቅ ቢዘገይ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ ይላል። ከሰኔ 23 እስከ ዛሬ ጳጉሜን ጨምሮ 147 ቀን ነው። በእኛም ይቆጠር በፈረንጆቹ ከ30 ይበልጣል። ከዚህ በኋላ የማመራው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ይህንንም ከወዲሁ ያሳወቅኩት፣ ዝግጅት አስቀድሞ እንዴት እንደሚነገር ለማሳየት ጭምር ነው።

ምክር ከፈለጉ ብዙ የለኝም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። ጠዋት ይሁን ከሰዓት ግለጹ። የተሳሳተ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ካለ ሄዳችሁ አንሱት።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ያስጻፈኝ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የደረሳት እዚያው እናንተ ጋ ነው። ገና ፍሬሽ ናት፣ ማኅተም ታምናለች። ትናንት ማታ የአንድ ማስታወቂያ ፎቶ ላከችልኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኮምፒውተር ሥልጠና ምዝገባ ነው፤ የሚካሄደው ለአንድ ቀን ብቻ ነው ይላል። የእንግሊዝኛው ወረቀት ዲሴምበር 12 ይላል። አማርኛው ታኅሣሥ 12 ይላል። በመካከላቸው ዘጠኝ ቀን አለ። ሰዓቱ በሁለቱም 8:00 ነው። የጠዋት ይሁን የከሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተጻፈም።

ቢሮዎ ደውዬ እንዳልጠይቅ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ በሁለቱም ቀን ሂጂ ብያታለሁ። በጠዋቱም በከሰዓቱም። በድምሩ አራት ጊዜ።

ከሐረር
የ2016 ዓ.ም. ተመራቂ

ግልባጭ
ለአዳራሹ ጥበቃ (የሰጡኝ መረጃ ትክክለኛ ስለነበር)