ለራይን ሸለቆ መኪና ምን ያደርጋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጀርመን ስላለው የላይኛው መካከለኛ ራይን ሸለቆ ያወጣችሁት የጉዞ ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ "መኪና ተከራዩ" እስከሚለው ምክር ድረስ። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ 65 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወንዙን የሚሻገር አንድም ድልድይ የለም። ለመሻገር ጀልባ ግድ ነው። ባለመኪናው ተራ ሲጠብቅ ባለብስክሌቱ እየገፋ ይገባል።

የባቡር ሐዲድ ደግሞ በግራም በቀኝም ዳርቻ ተዘርግቷል። ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ እግረኛ ወደ ተነሣበት የመመለስ ዕዳ የለበትም። ከባካራክ ከተማ በወይን እርሻዎቹ አናት በኩል ወደ ኦበርቬዘል ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ከማዶ የካውብን ከተማ፣ ከወንዙ መሐል ደግሞ የፕፋልትስግራፈንሽታይንን ግንብ ቁልቁል እያየ ይጓዛል፤ ሲደክመው በባቡር ይመለሳል። ከመኪና መስኮት ይህ አይታይም። (በነገራችን ላይ ሌሊት የዕቃ ባቡሮቹ ጩኸት እንቅልፍ ይነሳል፤ ጽሑፋችሁ ይህንንም አላነሣም።)

የዳርቻው የብስክሌት መንገድ በአመዛኙ ሜዳ ስለሆነ ጉልበት አይፈትንም። ከቦን እስከ ቪስባደን 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ራይንሽታይግ የተባለው የእግር መንገድ ግን ዳገት ቁልቁለቱ ብዙ ነው፤ ለጀማሪ ከፊሉ ይበቃል። በአውሮፓ በጋ ቅዳሜና እሑድ ባቡሮቹ በብስክሌት ስለሚሞሉ በሥራ ቀን መሄድ ይሻላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ከመኪና አከራዮች ይልቅ የጀልባዎቹን የመጨረሻ ሰዓት ብታወጡልን እንጠቀማለን።

አንድ አንባቢያችሁ