ጉዳዩ፦ ያለ ቁልፍ ስለተላከልኝ ሰርተፍኬት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለድረ ገጻችን ያዘዝኩት የደህንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም ገጹ የእኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ፣ ታሪክ በሦስቱ ኢሜይሎቼ ውስጥ ስላለ አልደግመውም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ማክሰኞው ስልክ ነው።

ባለሙያችሁ ዓርብ ዕለት «ሰኞ ጠዋት ፒኤፍኤክሱ ከነቁልፉ ይደርስሃል» ብሎኝ ነበር፤ ሰርተፍኬቱንና የግል ቁልፉን፣ ማለትም ሰርቨራችን በምስጢር የሚይዘውን ኮድ፣ አንድ ላይ የያዘውን ፋይል ማለቱ ነው። ሰኞ ዝም። ማክሰኞ ከሰዓት ፋይል መጣ፤ ስከፍተው ፒ7ቢ ነው። እሱ ደግሞ ሰርተፍኬትና የሰጪዎቹን ሰንሰለት እንጂ የግል ቁልፍ አይዝም። የማመልከቻ ፋይሉን፣ ሲኤስአሩን ማለቴ ነው፣ ያዘጋጃችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእሱ ጋር የተፈጠረው ቁልፍ ያለው እናንተው ጋ ነው።

ደወልኩ። 25 ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ። ከዚያ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ «የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ፒኤፍኤክስ ቀይረህ ጫነው» አለኝ። «ወንድሜ፣ ስም ብቀይር ቁልፉ ከየት ይመጣል?» አልኩት። «ሳትሞክር እንዴት ታውቃለህ?» አለኝ። እሺ ብዬ ሞከርኩት፤ ዊንዶውስ አልተቀበለውም። ገብስ የሞላ ጆንያ ላይ «ቡና» ብትጽፉበት ጅማ ውስጥ የሚገዛችሁ የለም። እሱ ግን «እንግዲያው ችግሩ ሰርቨርህ ነው፤ እዚያ ጅማ አይቲ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ጅማ ያለው አይቲ የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ። ንግድ ቤት ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በአክብሮት ሳይሆን «አንተ» እየተባልኩ መልስ መሰጠቴም አይረሳ።

ረቡዕ ቁልፉ መጣ። የት? ደንበኞች ሁሉ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ! ያለ ይለፍ ቃል፣ በኖትፓድ የሚነበብ ፔም ፋይል። ወዲያው አጠፋችሁት፤ ስንቱ እንዳወረደው ግን እናንተም አታውቁም። ያ ቁልፍ ከእንግዲህ ምስጢር አይደለም።

መጀመሪያ የፈለግኩት አንድ ፒኤፍኤክስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ያ ሰርተፍኬት ይሰረዝ። አዲሱን ሲኤስአር እዚሁ ሰርቨሬ ላይ አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ቁልፉ ከእጄ አይወጣም። እናንተ የተፈረመውን ሰርተፍኬትና ሰንሰለቱን ብቻ ላኩ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ሁለት ወር የቆየው ደረሰኝም አብሮ ይምጣ፤ የድርጅታችን ስም በትክክል ተጽፎ።

ቡና ገዢዎቻችን ድረ ገጹን ሲከፍቱ «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል እያዩ «ተጠልፋችኋል እንዴ?» እያሉ ይደውላሉ። እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ካልተስተካከለ ገንዘባችን ይመለስ። «ሰኞ ጠዋት» የሚል መልስ ግን አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር፣
የቡና ንግድ ቤቱ አይቲ ሠራተኛ
ጅማ