መክፈያው በዛ፣ ሒሳቡ ግን ቤት አልደረሰም

ይድረስ፦ በጎንደር ከተማ የመብራት ሒሳብ አሰባሰብ ለሚመለከተው ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ስንት እንደምንከፍል ከመክፈላችን በፊት ይነገረን

የተከበሩ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ማራኪ አካባቢ የምኖር ተራ ደንበኛ ነኝ። የምተዳደርበት ሥራ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሳያማክረኝ የሾመኝ ሹመት ግን አለኝ። የአምስት ቤት መብራት የምከፍለው እኔ ነኝ። ብሩ የእነሱ፣ ስልኩ የኔ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ጎረቤታችን ነው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረ ብር ፈትተው ሰጡኝና "ልጄ፣ በስልክ ይከፈላል አሉኝ፤ እስቲ ያችን ነገር ተጫንልኝ" አሉ። ቆሜ ከፈልኩላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ወረቀቱስ?"

መልእክቱን ከስልኬ አሳየኋቸው። አላነበቡትም። "ይሄማ ያንተ ስልክ ነው። ነገ አልከፈልሽም ቢሉኝ ምን ላሳያቸው ነው?"

እውነታቸውን ነው። መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ የከፈልኩበትን ቀን፣ የብሩን መጠንና የግብይቱን ቁጥር በእስክሪብቶ እየጻፍኩ፣ ያንኑ በቁራጭ ወረቀት ገልብጬ እሰጣቸዋለሁ። እማማ ወረቀቷን አጥፈው ከዳዊታቸው መሐል ያስቀምጧታል። ወሬው ተዛመተና አሁን አምስት ቤት ሆነናል።

ልማረር ብቻ አልጻፍኩም። የድሮውን አልረሳሁትም። ልጅ ሆኜ አባቴ ብሩን በቢሉ ወረቀት ጠቅልሎ "እንዳትጥለው" ብሎ ይልከኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰልፉ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቶ አገኘዋለሁ። ግማሽ ቀን ይሄዳል። ተራዬ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ይሆናል። በኋላ ኮምፒውተር መጣ ተባለ፤ "ሲስተም የለም" የምትባል ቃልም አብራ መጣች። ዛሬ ሰው በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲከፍል ሳይ ደስ ይለኛል። ስማርት ስልክ የሌለውም *127# ወይም *847# ደውሎ በተራ ቁጥር እየመረጠ ይገባበታል። ያለ ዳታ ይሠራል። ይቺ ትንሽ ነገር እንዳትመስልዎት። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ መተግበሪያው ሁሉ ስልካችን ላይ ጌጥ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ያተረፈችን ያቺ ኮከብና መሰላል ናት። ስለዚህ ነገ ዘመናዊነት ነው ብሎ አጭር ቁጥሯን ችላ የሚል ሰው ከመጣ፣ እባክዎ ጎንደርን ያስታውሱለት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ቅር ያለን የመክፈያው መንገድ አይደለም። ሒሳቡ ነው። የቢል ወረቀት እኛ ሰፈር መምጣት ካቆመ ቆየ። እኔ በምጠቀምበት መንገድ የደንበኛ ቁጥሩን ሳስገባ ስምና የብር መጠን ይመጣልኛል፤ በቃ። ቆጣሪው መቼ ተነበበ? ያለፈው ንባብ ስንት ነበር፣ የአሁኑስ? ስንት ኪሎዋት ሰዓት ፈጀን? የአንድ ወር ነው የሁለት? ይሄን የሚነግረኝ የለም። "ይክፈሉ" የሚል ቁልፍ አለ፣ እጫነዋለሁ። ሱቅ ሄዶ ምን እንደገዛ ሳይነገረው ብር አውጣ የሚባል ሰው ቢኖር ምን ይላል?

ድሮ ይቺ ያን ያህል ላታሳስብ ትችል ነበር። ዋጋው ለዓመታት አንድ ቦታ ቆሞ ስለነበር ሰው ሒሳቡን በልምድ ያውቀዋል። አሁን ግን ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ውሳኔው ላይ የምለው ቢኖረኝም ለሌላ ቀን ይቆይ። ለዛሬ የምለው ይሄን ብቻ ነው፦ ዋጋው እየተቀያየረ ንባቡ ካልተነገረን፣ ብሩ ሲጨምር ጥፋቱ የታሪፉ ይሁን የምጣዳችን መለየት አንችልም። ባልና ሚስት በዚህ ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ "ምጣዱን ቀንሺ" ይላል፣ እሷ "አንተ ቴሌቪዥኑን አጥፋ"። ሁለቱም ምንም አላጠፉ ይሆናል።

የምጣድ ነገር ከተነሳ አንድ ስሌት ልጨምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። ለሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ በላ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር ምጣዱ ብቻ 40 ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን ደግሞ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚያ ሲያልፉ ሁለተኛው፣ ከ100 በላይ ሦስተኛው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይንራል። ለድሃ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል።

አንደኛው የንባብ መዘግየት ነው። ቆጣሪ አንባቢው አንድ ወር ቀርቶ በሚቀጥለው ሲመጣ የሁለት ወሩ ፍጆታ እንደ አንድ ወር ከተቆጠረ፣ በወር 45 የሚፈጀው ቤት በአንድ ጊዜ 90 ሆኖ እርከን ይዘላል። ቤቱ ሳያባክን ይቀጣል። ለወራቱ ተካፍሎ ተሠልቶ ከሆነም እሰየው። ግን ንባቡና ቀኑ ካልተጻፈልን በምን እናውቃለን? ጥርጣሬ እንደሆነ ከዕዳ በላይ ይከብዳል።

ሁለተኛው የተከራይ ጉዳይ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ግቢ ሦስት ተከራይና አንድ ቆጣሪ አለው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን 45 ነው። አንድ ላይ 135 ሆነው ሦስተኛው እርከን ላይ ቁጭ ይላሉ። በዚያ ላይ ማካፈሉ አለ። አከራይዋ "ለሦስት እኩል" ይላሉ፤ ከመሐላቸው አንዱ ከአንድ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር ሌላ ምንም የሌለው ተማሪ ነው። ሐቁን ልንገርዎት፣ ይሄን እርስዎ በደብዳቤ አይፈቱልንም፤ ተጨማሪ ቆጣሪ ማስገባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቢያንስ የፍጆታው ቁጥር በእጃቸው ቢኖር ግን ክርክሩ በቁጥር ይሆን ነበር። አሁን በጉልበት ነው።

እኔም ያበላሸሁትን ላውጣ። ባለፈው ዓመት ከአምስቱ ቤቶች የአንዱን ስከፍል አንድ አኃዝ ሳትኩ። ለማላውቀው ሰው መብራት ከፈልኩለት። ስሙ ይመጣል ብያለሁ፤ ታዲያ ለምን አላየሁም? አይቻለሁ። ግን እኛ ሰፈር ውሉ በሕያው ሰው ስም ያለ ቤት ፈልገው አያገኙም። የአንዱ ቤት በአያት ስም ነው፣ የሌላው ቤቱን ሸጦ በሄደ ሰው ስም። እንግዳ ስም ሲመጣ "የድሮው ባለቤት ይሆናል" ብዬ ተጫንኩት። ገንዘቡን ለማስመለስ ከዚህ ሂድ፣ ከዚያ ጠይቅ ተባልኩና ሦስተኛው ቀን ላይ ደከመኝ። ለባለቤቱ ከኪሴ ድጋሚ ከፈልኩ። ያ ሰው እስከ ዛሬ "እግዜር ነው የከፈለልኝ" ብሎ እየተሳለቀ ይሆናል። ይሁንለት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለሚያነበው ሁሉ ልንገር፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። ቁጥሩን በቃል ሳይሆን ከድሮ ቢል ላይ እያየሁ ነው የማስገባው። ሁለቴ አነባለሁ። መልእክቱን አላጠፋም። የቆጣሪውን መስኮትም በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶዋ ቀን አላት፣ ቁጥር አላት። የዛሬውን ካለፈው ወር ስቀንሰው ፍጆታውን በግምትም ቢሆን አገኘዋለሁ። በዚህ መንገድ የእማማን ቤት ስከታተል አንድ ወር ሒሳቡ ከፎቶው ጋር እንደማይሄድ አየሁና ጠየቅን፤ በሚቀጥለው ወር ተስተካክሎ መጣ። ሲጠየቅ የሚስተካከል ነገር ነው ማለት ነው። ግን ስንቱ ሰው ፎቶ ያነሳል?

የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶች ደግሞ ሌላ ናቸው። እነሱ የተጣራ ነገር አላቸው፤ ቀድመው ይሞላሉ፣ የቀረውን ከመስኮቱ ላይ ያያሉ፣ ዕዳ የለባቸውም። ችግራቸው የሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ ሊጡ ተቡክቶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ካርዱ ያልቃል። የሚሞላበት መስኮት ሰኞ ነው የሚከፈተው። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ ቤት ሞልቶ ይሄ የደረሰባት አንዲት ዘመዴ ምጣዷን ተሸክማ ጎረቤት ስትጋግር አድራለች። እንጀራውስ ደረሰ፤ ያደረባት እፍረት ግን አልወጣላትም። ከተማው በዓመት አንዴ በእንግዳ የሚጥለቀለቅበትን ሳምንት እኛም እርስዎም አስቀድመን እናውቀዋለን። ለዚያ ሳምንት እንኳ ተረኛ ሠራተኛ ይመደብ።

የምጠይቀው ታዲያ ብዙ አይደለም። ቆጣሪው በተነበበ ማግስት ለደንበኛው ስልክ በአማርኛ አጭር መልእክት ይላክ፦ የተነበበበት ቀን፣ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ ፍጆታው፣ ብሩ፣ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን። ስድስት ነገር፣ ከአንድ መልእክት ቢበዛ ሁለት ቢሆን ነው። ሰው ስልኩን እንዲያስመዘግብ ከተፈለገ በየቀበሌው አንድ ቅዳሜ ይታወጅ፤ እኔ በበኩሌ አምስቱንም ቤት ይዤ እመጣለሁ። የሟችና የሸጠ ሰው ስምም በዚያው ቢታይ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው። ስልክ ለሌለው ወረቀቱ ይመለስለት። ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኛ አንድ መስኮት ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ሁሉም በስልክ ይከፍላል ብላችሁ ሙሉ በሙሉ እንዳትዘጉት። እኔ አንድ ቀን ከዚህ ሰፈር ብለቅ እማማ ማንን በር ላይ ይጠብቃሉ?

ደግሞም በእኔ ላይ ይህን ያህል እምነት መጣል ለእናንተም ለእነሱም ጥሩ አይደለም። የአምስት ሰው ብር በእጄ ያልፋል። ደብተሬን የሚቆጣጠር ማንም የለም። ደግነቱ እማማ አሉ፤ ማንበብ ባይችሉም የቁራጭ ወረቀቶቻቸውን ቁጥር ያውቃሉ። ባለፈው አንዷን ሳልሰጣቸው ብቀር "ልጄ፣ የኅዳሯ የለችም" ብለው ከመንገድ መለሱኝ።

ደብተሩን ለማየት ከፈለጉ ይዤ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል፤ ቢሮው ክፍት ከሆነ።

ከአክብሮት ጋር
ከማራኪ፣ የአምስት ቤት መብራት ከፋይ
ጎንደር