የእናቴ ፊርማ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እዚህ ሜሪላንድ እናቴ በአንድ የካንሰር ማዕከል የአዲስ መድኃኒት ሙከራ ውስጥ እንድትገባ ተጠየቀች። 20 ገጽ የስምምነት ወረቀት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን ገጽ ደጋግማ አየችው። «አንተ ካልክ እፈርማለሁ» አለችኝ። ደነገጥኩ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እውቅና በሰጣቸው ማዕከላት፣ ሙከራውን የታማሚዎችን መብትና ደህንነት ከሚጠብቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሌላ የሳይንስ ገምጋሚዎችም ያዩታል። ጥያቄው ይረባል? ወደ ሙከራው የሚገባው ታማሚ ቁጥር መልስ ለማግኘት ይበቃል? በቂ ሰው ያጣ ሙከራ ቢጎተት የመዝጋት ሥልጣን አላቸው። ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ የታመመ ሰው ጊዜ መልስ ለማይገኝለት ጥያቄ መባከን የለበትም።

እባካችሁ ይህን በአማርኛ አብራሩልን። ታማሚ በፈለገ ሰዓት ከሙከራው መውጣት እንደሚችልም ጻፉ። እናቴ ይህን የሰማችው ከፈረመች በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ